ስለ ፒክአፕ ረጅም ዋስትና፦ ተረትና እውነታ

የአሜሪካው የፒክአፕ አምራች ራም በ2025 ሰኔ ወር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ትልቅ ማስታወቂያ ይዞ ወጣ። የ2026 ሞዴል ፒክአፕ ለሚገዙ ደንበኞቹ ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ኃይልን ወደ ጎማ ለሚያደርሱት ክፍሎች የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና እንደሚሰጥ አስታወቀ። ተፎካካሪዎቹ ፎርድ፣ ሼቭሮሌትና ቶዮታ ለተለመዱት የቤንዚን ፒክአፖቻቸው የሚሰጡት 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። ብድሩ ለ6 እና ለ7 ዓመት በሚከፈልበት አገር፣ እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ገዢ ልቡ ቢረጋ አይፈረድበትም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም በፒክአፕ ዕቃ እያመላለሱ፣ በግንባታና በጥገና ሥራ እየተሠማሩ የሚተዳደሩ ስላሉ ነገሩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ከመፈረማችን በፊት ግን በየቦታው የሚነገረውን ከእውነታው እንለይ።

ተረት 1፦ «ዋስትናው የረዘመ መኪና ጠንካራ ነው።»

እውነታው፦ ረጅም ዋስትና ብዙውን ጊዜ የገዢን አመኔታ ለማግኘት የሚደክም ኩባንያ መሣሪያ ነው። ሁንዳይ በ1998 ለአሜሪካ ገዢዎች የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና ሲያውጅ፣ «ቶሎ ይበላሻል» የሚል ስም ተለጥፎበት በዓመት 90 ሺህ ገደማ መኪና ብቻ ይሸጥ ነበር። በ2002 ከ370 ሺህ በላይ ሸጠ። ዋስትናው ገዢውን እስከ በር አመጣው፤ ያቆየው ግን የመኪናው ጥራት መሻሻሉ ነው። የጥገናው ወጪ በራሱ ላይ የሚወድቅ ኩባንያ ጥራቱን ችላ ማለት ስለማይችል ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። በአንጻሩ በጥንካሬ ስሙን የተከለው ቶዮታ ከ5 ዓመትና ከ60,000 ማይል አልዘለለም። የዋስትናው ርዝመት ሻጩ ምን ያህል አመኔታችንን እንደሚፈልግ ይነግረናል። ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ለማወቅ ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ተረት 2፦ «ገዢ ሁሉ ረጅም ዋስትና ወዳለው ይሄዳል።»

እውነታው፦ ኒሳን ታይታን ለተባለው ፒክአፑ መኪናውን በጠቅላላ የሚሸፍን የ5 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና ሰጥቶ ነበር። በ2018 የሸጠው 50 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ የፎርድ ኤፍ ሲሪስ በዚያው ዓመት ከ900 ሺህ በላይ ተሸጧል። የታይታን ምርት በ2024 ቆመ። ጄኔራል ሞተርስም የሼቭሮሌትንና የጂኤምሲን ዋስትና በ2015 ከ100,000 ማይል ወደ 60,000 ሲያወርድ፣ ባስጠናው ጥናት ዋስትና ገዢዎች መኪና ከሚመርጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል አለመሆኑን ገልጿል። የፒክአፕ ገዢ ለለመደው ስም ታማኝ ነው፤ የሚጎትተውን ክብደት፣ ዋጋውንና ሲሸጠው የሚያወጣለትን ያያል። ዋስትናው ይበልጥ የሚያሳምነው በሁለት መኪኖች መካከል የሚያመነታውን ወይም በአዲስ ሞተር ያልተማመነውን ሰው ነው።

ተረት 3፦ «10 ዓመት ከተባለ 10 ዓመት ነው።»

እውነታው፦ ውሉ «ቀድሞ የደረሰው» ይላል። በዓመት 10,000 ማይል የሚነዳ ሰው 10 ዓመቱን ሙሉ ይጠቀምበታል። በሥራ ምክንያት በዓመት 25,000 ማይል የሚነዳ ግን 100,000 ማይሉን በ4 ዓመት ይጨርሳል፤ ብድሩ ገና ሳይጠናቀቅ ማለት ነው።

ከማይሉ ሌላ ሁኔታዎችም አሉ። የሁንዳይ የ10 ዓመት ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ የተሰጠ ነው፤ ለታክሲና ለዕቃ ማድረስ የዋለ መኪናንም አይጨምርም። ክራይስለር በ2007 «የዕድሜ ልክ» ብሎ ያወጀው ዋስትናም ወደ ሁለተኛ ገዢ አይተላለፍም ነበር። የመጀመሪያው ባለቤትም ቢሆን መኪናውን በየ5 ዓመቱ ማስመርመር ነበረበት፤ ቀኑን ካሳለፈ መብቱ ይቀርበታል።

ተረት 4፦ «የተበላሸ ነገር ሁሉ በነጻ ይሠራልኛል።»

እውነታው፦ እንዲህ ያለው ረጅም ዋስትና ሞተርን፣ ካምቢዮንና ዲፈረንሻልን የመሳሰሉትን ይይዛል። ፍሬን፣ ባትሪ፣ ጎማ፣ ኤሲና የዳሽቦርዱ ስክሪን አይገቡበትም። ባትሪን፣ ኤሲንና ስክሪንን በአብዛኛው የሚሸፍነው መኪናውን በጠቅላላ የሚይዘው አጭሩ ዋስትና ሲሆን፣ በብዙ ፒክአፖች ላይ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው። ጎማና ፍሬን የመሳሰሉ በአጠቃቀም የሚያልቁ ነገሮች ደግሞ ከመጀመሪያውም በባለቤቱ ኪስ ናቸው።

ተረት 5፦ «ዘይት ዲለር ጋ ካልቀየርኩ ዋስትናው ይሰረዛል።»

እውነታው፦ በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ ሕግ፣ አምራቹ በነጻ እስካልሰጠ ድረስ «የእኔን ዕቃ ብቻ ግዛ፣ እኔ ጋ ብቻ አሠራ» ብሎ ዋስትናን ማሰር አይፈቅድለትም። የሰፈር ጋራዥ ይበቃል። ነገር ግን ሞተሩ ሲቆም ዲለሩ ዘይት በጊዜው ለመቀየሩ ማስረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀኑና ማይሉ የተጻፈበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ተረት 6፦ «ዋስትናው ካለቀ ሁሉም ነገር በኪሴ ነው።»

እውነታው፦ የደኅንነት ጉድለት ተገኝቶ ለጥገና የሚጠራ መኪና ዋስትናው ቢያልቅም በነጻ ይሠራል። ጄኔራል ሞተርስ በ2025 በ6.2 ሊትር ሞተሮቹ ክራንክሻፍትና ቢዬላ ላይ በተገኘ ጉድለት በአሜሪካ ብቻ 600 ሺህ ገደማ መኪኖችን ሲጠራ፣ ለእነዚህ ሞተሮች የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ልዩ ሽፋን ጨምሯል። የአገሪቱ የአየር ብክለት ሕግም ለካታሊቲክ ኮንቨርተርና ለሞተሩ ኮምፒውተር 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ዋስትና ያስገድዳል።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ሻጩ በቃል የሚነግረንን ትተን የዋስትና መጽሐፉን እንጠይቅ፣ በእጃችን ይዘን እናንብብ። በዓመት ስንት ማይል እንነዳለን? መኪናውን ስንሸጥ ዋስትናው ለገዢው ይተላለፋል? ለንግድ ብናውለው ይጸናል? መልሶቹ ከአነዳዳችን ጋር ከገጠሙ ረጅሙ ዋስትና እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ከብዙ ሺህ ዶላር የሞተር ወጪ ያድነናል። ካልገጠሙ ግን ከማንጠቀምበት 10 ዓመት ይልቅ በዋጋው ላይ ለሚቀነስልን ገንዘብ መከራከር ያዋጣናል።