የደላንታ ኦፓል፦ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል የተፈጠረ ድንጋይ

ከአቀስታ ወይም ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው የገደሉን ግድግዳ ልብ ብሎ ቢያይ፣ ድንጋዩ እርከን እርከን ሆኖ የተደረደረ ነው። አብዛኛው እርከን በአንድ ወቅት ቀልጦ የፈሰሰ አለት ነው። የወሎ ደጋ የተገነባው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ደጋግሞ በፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ ክምችቱ በአንዳንድ የሰሜን ኢትዮጵያ ቦታዎች እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በጥቁሩ ባዛልት መካከል አልፎ አልፎ ፈካ ያለ ንብርብር ይታያል። እሱ ቀልጦ የፈሰሰ ሳይሆን በፍንዳታ የወጣ፣ በራሱ ግለት ተጣብቆ የጠነከረ አመድ ነው። የደላንታ ኦፓል የሚገኘው ከዚህ ፈካ ካለው ንብርብር ውስጥ ነው።

ደላንታ ከአቀስታ በስተሰሜን፣ ከበሺሎ ወንዝ ማዶ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ገደሉን እያስፈለጡ ያለፉበት አገር ነው። ኦፓሉ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2008፣ ወገል ጤና አካባቢ ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ «ወሎ ኦፓል» የሚባለው ይኸው ነው።

አፈጣጠሩን ያጠኑ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ኦፓሉን ከአፈር ጋር ያገናኘዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። እሳተ ገሞራው ፋታ ሲሰጥ በአመዱ ላይ ዝናብ ዘነበ፣ ዕፅዋት በቀሉ፣ አመዱም እየበሰበሰ ወደ ሸክላ አፈር ተለወጠ። በዚያን ጊዜ ከአመዱ የወጣው ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) በውሃ ተሟሙቶ ወደ ታች ሰረገ፤ በየስንጥቁና በየቀዳዳው ተጠራቅሞም ረጋ። በዚያው ንብርብር ሥርና ግንድ ራሱ ወደ ኦፓል ተለውጦ ይገኛል። ከዚያ ሌላ ፍንዳታ መጣና ሁሉንም ከደነው። ስለዚህ አንድ የደላንታ ቆፋሪ በዲጂኖ የሚከተለው መስመር፣ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ጥንታዊ የአፈር ገጽ ነው።

ኦፓል ከምን ተሠራ ቢሉ መልሱ አጭር ነው፦ ሲሊከን፣ ኦክስጅንና ውሃ። ተራ አሸዋም በአመዛኙ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የተሠራ ነው። ኦፓል በጥቂቱ አሉሚኒየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ብረት ይገባበታል፤ የደላንታው ባሪየምም አለው። ቢጫና ቡናማ መልክ የሚሰጠው በአብዛኛው ብረቱ ነው። በላዩ የሚጫወተው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ግን ከቀለም የመጣ አይደለም። ሲሊካው በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ይደረደራል፤ ሥርዓት ይዘው ሲደረደሩ ብርሃኑን ይበትኑታል። እንክብሎቹ ተለቅ ካሉ ቀይ፣ አነስ ካሉ ሰማያዊ ይወጣል።

የደላንታውን ጠባይ ማየት የፈለገ አንድ ቁራጭ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያስገባ። መጀመሪያ ጥቃቅን አረፋ ከድንጋዩ ይወጣል። ቀስ በቀስ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ድንጋዩም መስታወት መስሎ ብርሃን ያሳልፋል። የገዛ ሰው ተበላሸብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ግን ወጥቶ ሲደርቅ፣ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ፣ ቀለሙ ይመለሳል። ምክንያቱ ድንጋዩ በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ መሆኑ ነው፤ ውሃው አየሩን አስወጥቶ ይተካዋል። ለዚህ ነው የኦፓል ቀለበትን አውልቆ ዕቃ ማጠብ፣ ከዘይትና ከሽቶ ማራቅ የሚያስፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከመንዝ ጊሼ የወጣው ቡናማ ኦፓል እየተሰነጠቀ የኢትዮጵያን ኦፓል ስም አጉድፎት ነበር። የደላንታው ግን ጠንካራ ነው፤ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥለው የሞከሩት አልተሰበረም።

ቁፋሮው የሚካሄደው በገደል ወገብ፣ በመዶሻና በዲጂኖ፣ ያለ ድጋፍ በተፈለፈለ ዋሻ ነው። የኦፓሉ ንብርብር የላላ ሸክላ ነው፤ ከላዩ የተጫነው ደግሞ ከባድ አለት። ሥሩ በተፈለፈለ ቁጥር ጣሪያው መውረዱ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎችን ውስጥ ዘግቶባቸዋል። ይህን ንብርብር የሚያውቅ ባለሙያ ቆፋሪው ዘንድ ደርሶ ምሰሶ የት እንደሚቆም ሊያሳየው ይገባል፤ ድንጋዩ የህንዷ ጃይፑር ደርሶ ሲቆረጥ የሚያወጣውን ዋጋ ከማውራት ይህ ይቀድማል።

ገዢ ደግሞ ስለ ጥቁር ኦፓል ይጠንቀቅ። ቀዳዳማነቱ ቀለምና ጭስ ያስገባዋልና ነጩን አጭሰው ጥቁር ብለው የሚሸጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋሸና አቅራቢያ፣ እስታይሽ ላይ የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል ስለተገኘ፣ ጥቁር ሁሉ የተጨሰ ነው ማለት አይደለም። ጭሱ ግን ብዙ ጊዜ ከላይኛው ገጽ አይዘልቅም፤ ከተሰበረ ወይም ካልተወለወለ ጠርዙ ላይ ውስጡ ፈካ ብሎ ከታየ መጠርጠር ነው።