ለሚያብጥ እግር የሚስማማ ጫማ

ከደባርቅና ከዳባት በላይ የሚታዩት የሰሜን ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የተገኙ ናቸው። በደጋ አገር እንዲህ ካለ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ ብዙ ዘመን በባዶ እግሩ የሄደ ሰው፥ ደቃቁ አፈር በቆዳው ዘልቆ እግሩን ሊያሳብጠው ይችላል፤ ሕዝቡም ዝሆኔ ይለዋል። ይህን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ገልጦታል። በአንዳንድ ቤተሰብ መደጋገሙም ሰውነታቸው ለአፈሩ ስለሚሸነፍ ነው እንጂ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ስለዚህ አባቱ የታመመበትን ልጅ ከጓደኞቹ መለየት፥ ለጋብቻም መንቀፍ ግፍ ነው።

ያበጠ እግር ሲመሽ ይገዝፋልና ልኩ የሚወሰደው ወደ ማታ ነው። በሽተኛው በወረቀት ላይ ቆሞ የሁለቱም እግሮች ዙሪያ ይነደፍ፤ ጫማ ሰፊውም ለእያንዳንዱ በልኩ ይቍረጥ። ቆዳው ለስላሳ፥ አፉ ሰፊ፥ በማሰሪያ የሚላላ፥ ቍርጭምጭሚትንም የሚሸፍን ይሁን። በረባሶ ከእሾህ ያድናል፥ ትቢያ ግን ያስገባል፤ የላስቲክ ጫማም ላብ ይይዛል። ሆኖም ሌላ ለሌለው ሰው ሁለቱም ከባዶ እግር ይሻላሉ። ያልታጠበ እግር በጫማ ቢሸፈን አፈሩ አብሮ ይዘጋበታልና፥ በየቀኑ በውሃና በሳሙና ታጥቦ እስከ ጣቶቹ መካከል ይድረቅ፤ ቅባትም ይቀባ።