የማቃናት ክብደት ከየት ይመጣል? የጄ 24 እና የኮንቴሳ 32 ባለሸራ ጀልባዎች ንጽጽር

ሁለት ባለሸራ ጀልባዎች ሲነጻጸሩ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ርዝመታቸው ነው። ረጅሟ ፈጣንና አስተማማኝ፣ አጭሯ ደግሞ ርካሽና ለቅርብ መንገድ ብቻ የምትሆን ተደርጋ ትወሰዳለች። ይህ አመለካከት ከፊል እውነትነት አለው። ሆኖም የጀልባዋን ጠባይ ከርዝመት ይበልጥ የሚወስን ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ነፋስ ወደ ጎን ሲያዘነብላት መልሶ የሚያቃናት ክብደት ከየት እንደሚመጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በስፋት የታወቁትን አሜሪካዊቷን ጄ 24ን እና እንግሊዛዊቷን ኮንቴሳ 32ን በማነጻጸር ይህን ነጥብ ማብራራት ነው።

ጄ 24 በሮድ ጆንስተን የተነደፈች ስትሆን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በፋብሪካ ተመርታለች። ከ5,000 በላይ የሚሆኑ ተሠርተዋል። ኮንቴሳ 32 በዴቪድ ሳድለር ተነድፋ በጄረሚ ሮጀርስ የጀልባ መሥሪያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበች ሲሆን ቁጥሯ ከ700 በላይ ደርሷል። በስሞቻቸው ላይ ያሉት ቁጥሮች ርዝመታቸውን በጫማ ያመለክታሉ፤ በሜትር ሲሰላ የመጀመሪያዋ 7.3፣ ሁለተኛዋ 9.75 ገደማ ናት።

ከፍጥነት ብንጀምር፣ ውኃን ገፍታ የምትሄድ ጀልባ የራሷን ማዕበል ትፈጥራለች። ፍጥነቷ በጨመረ ቁጥር ማዕበሉ ይረዝማል፤ ርዝመቱ ጀልባዋ ውኃውን ከምትነካበት ርዝመት ጋር ሲስተካከል፣ ከዚያ በላይ ለመፍጠን የሚያስፈልገው ኃይል በድንገት ይንራል። ይህ ወሰን የውኃ መስመሩን ርዝመት በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ2.43 በማባዛት በግምት ይሰላል፤ ውጤቱ የሚገኘው በኖት፣ ማለትም በሰዓት በሚኬድ የባሕር ማይል ነው። የጄ 24 የውኃ መስመር 6.10 ሜትር በመሆኑ ወሰኗ 6.0 ኖት፣ የኮንቴሳ 7.32 ሜትር በመሆኑ ወሰኗ 6.6 ኖት ገደማ ይሆናል። በ100 የባሕር ማይል ጉዞ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ከዚህም በላይ ቀላሏ ጄ 24 ከኋላ በሚነፍስ ብርቱ ነፋስ በማዕበል ጀርባ ላይ ተንሸራታ ወሰኑን ልታልፍ ትችላለች፤ ከባዷ ኮንቴሳ ግን ይህን እምብዛም አታደርግም። ስለዚህ የመጠን ብልጫ በፍጥነት ረገድ ያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በክብደት ነው። ጄ 24 1,400 ኪሎ ግራም፣ ኮንቴሳ 4,300 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። የውኃ መስመሩ በ20 በመቶ ብቻ ሲረዝም ክብደቱ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ከዚህ ክብደት ውስጥ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውኃው በሚወርደው ኪል ላይ የሚያርፈው የማቃኛ ጭነት በጄ 24 430 ኪሎ ግራም ወይም 31 በመቶ፣ በኮንቴሳ ደግሞ 2,040 ኪሎ ግራም ወይም 47 በመቶ ነው።

ጄ 24 የጎደላትን የምታሟላው በሰው ነው። በውድድር ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሰዎች ይሳፈሩባታል፤ የውድድር ደንቧ የሚፈቅደው የተሳፋሪዎች ጠቅላላ ክብደት 400 ኪሎ ግራም ነው። ይህ በኪሏ ካለው ጭነት ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ሰዎቹ ነፋሱ በሚመጣበት ጠርዝ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ ጀልባዋ ሸራዋን እንደዘረጋች ቀና ብላ ትሄዳለች። ለጥቂት ሰዓታት ውድድር ይህ ብልህ መፍትሔ ነው። ሰው ግን ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ሌሊት መተኛት ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ብቻ ይዛ ረጅም መንገድ የምትጓዝ ጄ 24 ከማቃኛ ኃይሏ ትልቅ ድርሻ ስለሚጎድላት ሸራዋን ቀደም ብላ መቀነስ ይኖርባታል። በኮንቴሳ ኪል ውስጥ ያለው ብረት ግን ተሳፋሪዎቹ ተኝተውም ሥራውን አያቋርጥም።

የስንቅ ጉዳይም ከዚሁ ይያያዛል። 300 ኪሎ ግራም ውኃ፣ ምግብና ዕቃ ቢጫን ለጄ 24 የክብደቷ 21 በመቶ፣ ለኮንቴሳ 7 በመቶ ነው። ተመሳሳይ ጭነት አንዷን ከጠባይዋ ሲያወጣት ሌላዋ እምብዛም አይሰማትም። በአንጻሩ ጄ 24 በመኪና ተስባ ከአንድ የውድድር ስፍራ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ከኮንቴሳም እጅግ ባነሰ ወጪ ትተዳደራለች። ተፎካካሪዎቿም እንደ እርሷው ጄ 24 በመሆናቸው ውጤቱን የሚለየው በአመዛኙ የመርከበኞቹ ችሎታ ነው።

የማቃናት ኃይል የሕይወት ጉዳይ መሆኑ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 በተካሄደው የፋስትኔት ውድድር ነው። ከተነሡት 303 ጀልባዎች መካከል ብዙዎቹ በማዕበል ተገለበጡ፤ 15 ተወዳዳሪዎችም ሞቱ። በትንንሾቹ ጀልባዎች ምድብ ውድድሩን የፈጸመችው አሰንት የተባለች አንዲት ኮንቴሳ 32 ብቻ ነበረች። ኮንቴሳ ከ150 ዲግሪ በላይ ብትዘነብል እንኳ መልሳ የምትቃና ስትሆን፣ ከዘመኑ ቀላል የውድድር ጀልባዎች አንዳንዶቹ ግን ከ120 ዲግሪ በታች ይህን ችሎታ ያጡ ነበር። ማስረጃው ስለ ጄ 24 በቀጥታ አይናገርም፤ ይሁን እንጂ በመጠን የሚቀራረቡ ጀልባዎች በአንድ ማዕበል ውስጥ የተለያየ ዕጣ ሊገጥማቸው እንደሚችል ያሳያል።

ከዚህ ንጽጽር እንደሚታየው ጄ 24 የኮንቴሳ ታናሽ እህት አይደለችም። በቀን ብርሃን፣ በወደብ አቅራቢያና ከሙሉ ቡድን ጋር ለሚደረግ ውድድር ጄ 24 ተመራጭ ናት፤ በጥቂት ሰዎች፣ ሌሊትና ከመጠለያ ርቆ ለሚደረግ ጉዞ ደግሞ ኮንቴሳ ትመረጣለች። ስለሆነም ጀልባ የሚመርጥ ሰው ስለ ርዝመትና ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ስንት ሰው እንደሚሳፈር፣ ምን ያህል ጊዜ በባሕር ላይ እንደሚቆይና ድካም በሚበረታበት ሰዓት ጀልባዋን የሚያቃናት ምን እንደሆነ መመርመር ይገባዋል።