ለድድ ምርምር የሚያገለግሉ አይጦች

የድድ በሽታ ዓመታት እየፈጀ የሚመጣ ሕመም ነው። ድድ ይቀላል፣ ሲቦረሽ ይደማል፣ ውሎ አድሮም ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሟሟል። ታማሚው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በድዱና በጥርሱ መካከል ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ተከማችቶ ይገኛል። በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው ወይስ በሽታው ስለተመቻቸው ነው የበዙት? የታማሚውን አፍ በማየት ብቻ ይህን መለየት አይቻልም፤ ጤነኛን ሰው ሆን ብሎ ማሳመምም አይገባም። እንስሳት ወደ ምርምሩ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱን የከፈተው የጥርስ መበስበስ ጥናት ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ኦርላንድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ፍጹም ከጀርም ነጻ ሆነው ያደጉ አይጦችን ስኳር የበዛበት ምግብ መገቡ። ጥርሳቸው አልበሰበሰም። በማግስቱ ዓመት ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን በሰበሰ።

ለድድ በሽታ ዛሬ የተለመዱት ዘዴዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአይጧ ሁለተኛው የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ዙሪያ የሐር ክር ማሰር ነው፤ ባክቴሪያ ክሩ ላይ ይከማችና አጥንቱ በሳምንት ገደማ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለውን የሰው ድድ ባክቴሪያ ደጋግሞ በአፏ መስጠት ነው፤ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። በሁለቱም የሚለካው ከጥርሱ አንገት እስከ አጥንቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። እኔ የማደንቀው ሁለተኛውን ነው፤ የክሩ ዘዴ ፈጣን ቢሆንም በሰው ላይ ዓመታት የሚወስደውን ነገር በቀናት ያጣድፈዋል።

ይህ ባክቴሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. አስደናቂ ነገር አሳየ። የጆርጅ ሃጂሸንጋሊስ ቡድን በአይጦች አፍ ውስጥ እጅግ በጥቂት ቁጥር ሲያኖረው ነባሮቹ ባክቴሪያዎች በዙ፣ አጥንትም ጠፋ። ከጀርም ነጻ በሆኑ አይጦች አፍ ብቻውን ሲገባ ግን አጥንቱ አልተነካም። ባክቴሪያው ጥፋቱን የሚያደርሰው ኮምፕልመንት የሚባለውን የሰውነት መከላከያ አዛብቶ ነባሮቹን በማነሣሣት ነው። ከዚህ ግንዛቤ ተነሥቶ ኮምፕልመንትን የሚገታ መድኃኒት በጦጣዎች ተሞከረ፤ በኋላም በሰዎች ላይ ተሞክሮ የድድ መቆጣትን ቀንሷል።

አይጥ ግን ሰው አይደለችም። ያሏት 16 ጥርሶች ናቸው፣ የፊቶቹ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ ያ ባክቴሪያም በተፈጥሮ የእሷ አይደለም። ውሻ ይቀርበናል፦ በ1970ዎቹ የያን ሊንዴ ቡድን ቢግል ውሾችን ለ4 ዓመት ሲከታተል ጥርሳቸው በየቀኑ የተቦረሸው ጤነኞች ሆኑ፣ ያልተቦረሸላቸው ግን ድዳቸው ተቆጣ፣ አብዛኞቹም አጥንት አጡ። ሆኖም ለዓመታት የሚቆይ የውሻ ጥናት ወጪው ከባድ ነው፤ የእንስሳቱ ሥቃይም ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም።

ስለዚህ አንድ የድድ መድኃኒት «በአይጥ ላይ ሠራ» የሚል ዜና ስታነቡ ሕመሙ በክር የመጣ ነው ወይስ በባክቴሪያ፣ በሌላ እንስሳስ ተደግሟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።