«ደህና ነዎት?» ስንት ጊዜ ይጠየቃል?

ኢንጂነር ሰው ሲያይ ሲስተም ይታየዋል። ለእኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ጊዜ የሚዞር ሉፕ ነው። ጎረቤት ዘግይታ ከመጣች ደግሞ ሉፑ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

በቶሮንቶዋ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ እኔ በምኖርበት ፎቅ፣ ይህ አመል የሚብሰው በሰላምታ ላይ ነው። ሊፍት ውስጥ ሁለት ሐበሾች ከተገናኙ ጥያቄው ከታች እስከ ላይ አያልቅም፦ ደህና ነህ? ሰላም ነው? ቤት ደህና ነው? ልጆችስ? ሥራስ?

«ቲሲፒ እንኳ በሦስት መልእክት ይግባባል» ይላል አንድ የሙያ ጓደኛዬ። እውነቱን ነው። በ1981 በወጣው አርኤፍሲ 793 መሠረት ሁለት ኮምፒውተሮች መስመር የሚከፍቱት እንዲህ ነው፦ «ልጀምር?» «ሰማሁ፤ እኔም ልጀምር?» «ሰማሁ»። አለቀ። ወሬው ይቀጥላል።

እኔ ግን የሰላምታችን ዘመድ ቲሲፒ ሳይሆን ሄልዝ ቼክ ነው ባይ ነኝ። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ይህን ያውቃል፦ ድረ ገጹ «200» ብሎ ይመልሳል፣ «ሁሉ መልካም» ማለቱ ነው፤ ከጀርባ ግን ዳታቤዙ ሞቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠይቀን አናምንም። ዳታቤዙን ለብቻ፣ ዲስኩን ለብቻ እንጠይቃለን።

የኛ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያው «200» ነው። የታመመውም፣ ሥራ የፈታውም የሚመልሰው እሱኑ ነው። ገጠር ያሉ አባቶቻችን ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን በየተራ የሚጠይቁት ወደው አይደለም።

ብርዱ በበረታበት ሰሞን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ሊፍት ውስጥ አገኘሁ።

«እንዴት ዋሉ እማማ?»

«ደህና፣ ይመስገነው።»

«ጤናዎስ?»

«ደህና።»

«ልጆች ይደውላሉ?»

«ይደውላሉ።»

«እንቅልፍስ?»

ዝም አሉ። «ማሞቂያው ከቆመ ሦስት ቀኑ ልጄ። ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው።»

አራተኛው ጥያቄ ባይኖር አራተኛውንም ሌሊት በጋቢ ሊያሳልፉት ነበር። ያኔውኑ ለሕንፃው ኃላፊ ደወልን፣ ማታ ተሠራላቸው። በነገራችን ላይ፣ በቶሮንቶ ደንብ ማሞቂያ የሚያቀርብ አከራይ በብርድ ወራት ቤቱን ቢያንስ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ማድረስ አለበት። ካላደረሰ በ311 ለከተማው ይነገራል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ «እሺ፣ ግን ታይምአውት ይኑረው» አለኝ። አለው እንጂ፤ የሊፍቱ በር ነው። በሩን በእግር ይዞ መቀጠል ግን በኛ ዘንድ የተለመደ ነው።

የአማርኛ መልእክት መላኪያ የምትሠሩ ወገኖችም አስቡበት። «ደህና ነዎት?» ለሚል መልእክት «ደህና» የሚል ፈጣን መልስ ማዘጋጀት ቀላል ኮድ ነው። ከባዱ፣ ጠያቂውን «እንቅልፍስ?» እንዲል ማስታወስ ነው።