የጎራዴ እጀታ፦ ጥርስ፣ ቀንድና አጥንት እንዴት ይለያሉ?

የድሮ ጎራዴና ሾተል እጀታ የሚሠራው ከእንጨት፣ ከበሬ ቀንድ፣ ከአውራሪስ ቀንድ፣ አልፎ አልፎም ከዝሆን ጥርስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የብዙ ጎራዴ ስለት እንደ ዞሊንገን ካሉ የአውሮፓ ከተሞች ሲመጣ፣ እጀታውና አፎቱ እዚሁ አገር ይገጠሙለት ነበር። ለመኳንንት ጎራዴ የአውራሪስ ቀንድ ይመረጥ ነበር። ከላላና መካነ ሰላም ባሉበት የደቡብ ወሎ ደጋ የበሬ ቀንድ ከደጅ ይገኛል፤ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ግን ከቆላ በነጋዴ የሚመጡ ነበሩ።

እጀታው ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ቀለሙን ማየት አይበቃም፤ ላብ፣ ቅቤና ጭስ የጠገበ ነገር ሁሉ ይወይባል። ምርመራው የሚጀምረው ቁሱ አግድም ከተቆረጠበት ከእጀታው ጫፍ ነው። የዝሆን ጥርስ ከሆነ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን ቅስቶች ይወጣሉ፤ የሽሬገር መስመሮች ይባላሉ። በጥርሱ ውጫዊ ዳር የሚፈጥሩት አንግል በዛሬው ዝሆን በአማካይ ከ100 ዲግሪ በላይ፣ ከምድር በጠፋው ማሞዝ ደግሞ ከ100 በታች ነው። በእጀታው ጎን ላይ ግን ቅስቶቹ አይታዩም።

የጉማሬ ጥርስ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጥቃቅን ቅስቶቹ ተከታትለው ይሄዳሉ እንጂ አይቋረጡም። አጥንት የደም ሥር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች ስላሉት፣ እድፍ ሲገባባቸው በጫፉ ነጠብጣብ፣ በጎኑ አጫጭር ጭረት ይሆናሉ። የበሬ ቀንድ በንብርብር የተሠራ በመሆኑ ሲያረጅ እየተላጠ ይነሣል። የአውራሪስ ቀንድ ውስጡ አጥንት የለውም፤ እንደ ፀጉር ያሉ ክሮች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ስለዚህ ጫፉ ነጠብጣብ፣ ጎኑ ትይዩ ክር ያሳያል፤ ስስ ዳሩ ብርሃን ሲያገኝ ማር ይመስላል።

በአልትራቫዮሌት መብራት ጥርስና አጥንት ነጣ ያለ ሰማያዊ ሲያበሩ፣ አብዛኛው ፕላስቲክ ደብዘዝ ይላል። በጋለ መርፌ መውጋት ቀንድን በተቃጠለ ፀጉር ሽታው ያጋልጣል፤ ቅርሱን ግን ያበላሻል። ሁሉም ካልለየው ውሳኔው የላቦራቶሪ ነው።

የቁሱ ማንነት ሕግንም ይነካል። በዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ በጥብቅ የተገደበ ነው፤ ኢትዮጵያም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ጎራዴው ቅርስ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።