የልብ ምት በስልክ

ጠዋት ጎንደር ፒያሳ፣ ከጣሊያን ዘመኑ ፖስታ ቤት አካባቢ ቆሞ ባጃጆቹን የሚያይ ሰው የደጋውን በሽተኛ ለመለየት አይቸገርም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሁለት ዘመድ መካከል የተቀመጠው ነው። አንዱ አስታማሚ አገልግል ታቅፏል፤ ሌላው የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። መንገዳቸው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። የመጡት ከደባርቅ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ከሆነ ግን ከመኪናው በፊት ቁልቁለቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ያወረደ ጎረቤት አለ።

«ልቤን ወጋኝ» ብሎ ለመጣ ሰው ቀድሞ የሚደረግለት ምርመራ ኢሲጂ ነው። በጀርባው ያስተኙታል፤ ማተቡን ገለል አድርገው ስድስት ገመድ ደረቱ ላይ፣ አራት ደግሞ በእጁና በእግሩ ይለጥፉበታል። ማሽኑ ልቡ በየምቱ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ከ12 አቅጣጫ አይቶ ወረቀት ላይ ያሰምራል። ሥራው 10 ሰከንድ ያህል ነው። በግ የተሸጠው፣ በሬው ሳይጠመድ የሰነበተው፣ ሦስት ሰው ከተማ ውስጥ አልጋ የያዘው ለዚህች 10 ሰከንድ ነው። ውጋቱም የልብ ሳይሆን የጨጓራ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ያለው የሕክምናው ወጪ ይቀልለታል፤ የመኪናው፣ የአልጋውና የአስታማሚው ቀለብ ግን ከራሱ ኪስ ይወጣል።

ታዲያ ሰውየው እዚያው ቆይቶ መስመሩ ብቻውን ቢመጣስ? ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስለን። የኢሲጂ አባት የሚባለው ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን መሣሪያው 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን ስለነበር ወደ በሽተኛ አልጋ ሊወስደው አልቻለም። በ1897 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር አፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ የላይደንን ሆስፒታል 1.5 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ቤተ ሙከራው ጋር በስልክ ሽቦ አገናኘና የበሽተኛውን የልብ ምት ከተቀመጠበት ተቀበለ። ቴሌሜዲስን፣ ማለትም የርቀት ሕክምና፣ ስም ሳይወጣለት በልብ ጀመረ ማለት ነው።

ዛሬ ማሽኑ በአንድ እጅ ይያዛል፤ በባትሪም ይሠራል። ቴሌሜዲስን ሲባል ብዙዎቻችን ሐኪምን በቪዲዮ ማነጋገር ይመስለናል። ለልብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ አያስፈልግም፤ የሚላከው ከአንድ ፎቶግራፍ የማይበልጥ ነገር ነው። በብራዚል ሚናስ ዤራይስ ክፍለ ሀገር በ2006 እ.ኤ.አ. 82 ትንንሽ ከተሞች ኢሲጂያቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እየላኩ ማስነበብ ጀመሩ። ትልቁ ቁጠባ የተገኘው ከምርመራው ዋጋ ሳይሆን ከቀረው ጉዞ ነው።

በኢትዮጵያም ሙከራ ነበር። ሕንድ በዘረጋችው የመላው አፍሪካ የሳተላይት መረብ ጥቁር አንበሳ ከሃይደራባድ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። እንደ እኔ ግን ችግራችን እዚያ አልነበረም። ትልቁን ከትልቁ ማገናኘት ደስ ቢልም፣ የጎደለው ከጤና ጣቢያው እስከ ጎንደር ያለው አጭሩ መስመር ነው። ያንን ደግሞ ወጣት ሐኪሞች ያለ ፕሮጀክት በራሳቸው ይሸፍኑታል፦ ወረቀቱን በስልክ አንስተው ለቀድሞ መምህራቸው በቴሌግራም ይልኩታል። መዝገብ የለው፣ ክፍያ የለው፣ አንዳንዴም የበሽተኛው ስም ከነሙሉው አብሮ ይሄዳል። ቢሆንም ሰው ያድናል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቆም ዓላማው ወደ ገጠር የሚወጡ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ማሠልጠን ነበር። ኋላም እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ የስኳርን፣ የደም ግፊትንና የመሳሰሉትን የረጅም ጊዜ ሕመሞች ክትትል በሠለጠኑ ነርሶች እጅ ወደ ጤና ጣቢያ አወረዱት። ከነዚህ ሕመሞች አንዱ፣ በእኛ አገር ብዙ ወጣት የሚያጠቃው ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ከጉሮሮ ቁስለት ይነሳል፤ «እንጥሏ ወረደ» ተብሎ ከሚታለፈው። የታመመችው ልጅ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መውሰድ አለባት። መርፌው ርካሽ ነው፤ የሚያስቀረው መንገዱ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መርፌውን ወግታ፣ ስታጠራጥራት ደውላ ባለሙያ ብትጠይቅ ልጅቷ ጎንደር የምትመጣው በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ ለልብ አልትራሳውንድ (ኤኮ) ብቻ ይሆናል።

ስልክ የተዘጋ የልብ ደም ሥር አይከፍትም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ፈጥኖ መሰጠት አለበት፤ ደም ሥሩን በቀጭን ቱቦ ለመክፈት ደግሞ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የታየ ኢሲጂም ብቻውን አያስተማምንም፤ ሕመሙ ካልቆመ መደገም አለበት። ከርቀት የሚያነበው ሐኪም ጥቅሙ መለየቱ ላይ ነው፦ ይኼኛው አስፒሪን አኝኮ አሁኑኑ በአምቡላንስ ይምጣ፣ ያኛው ሰኞ ይታይ፣ ሦስተኛው ቤቱ ይግባ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ኔትወርክ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ቴሌግራሙም አብሮ ጠፋ። የልብን ምት ወደ ድምፅ ለውጠው በተራ የስልክ ጥሪ የሚልኩ መሣሪያዎች ግን ከኢንተርኔት በፊት የነበሩ ናቸው። ለደጋ ጤና ጣቢያ ማሽን የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ ነርሷ ጉብታው ላይ ወጥታ በምታገኘው የአንድ መስመር ድምፅ ይሠራል ወይ?